ለእናቱ ብሎ የሠራት ድሮን

ይኸነውን "እብድ ነው" የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ፊት ሲሉት እቆጣለሁ። እብድ የጀመረውን ግማሽ ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ ይኸነው ግን የያዘውን ሳይጨርስ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። በሕይወቱ ጀምሮ ግማሽ ላይ የተወው አንድ ነገር ብቻ ነው። የምነግራችሁም ስለዚያ ነው።

እኔ ትዕዛዙ እባላለሁ፤ እንጅባራ ውስጥ ሞባይልና ሬዲዮ እጠግናለሁ። የእኔ ሱቅና የእሱ የቀርቀሃ ቤት አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ይጋራሉ። እሱ ከወዲያ ሲያስነጥስ እኔ ከወዲህ "ይማርህ" እላለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ጎረቤት ሆንን። ወንበር፣ አልጋ፣ መደርደሪያ፣ ሰው የጠየቀውን ሁሉ ከቀርቀሃ ይሠራል። ቀርቀሃውን ሰንጥቆ፣ ልጎ፣ በእሳት እያሞቀ ሲያጎብጠው እጁን ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ሚስት አግብቶ ነበር፤ ሁለት ዓመት ኖራ "አንተ የተጋባኸው ከቀርቀሃ ጋር ነው" ብላው ወደ ጫግኒ ወረደች። እዚያ እህል ትነግዳለች፤ ሲገናኙ ይሳሳቃሉ እንጂ አይጣሉም። ልጅ አልወለዱም። ለይኸነው የቀሩት እናቱ ብቻ ናቸው።

እማማ ስሜነሽ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ባለች መንደር ይኖራሉ። ባላቸው ቀፎ ሠሪ ነበሩ፤ ይኸነው ቀርቀሃ መሰንጠቅን የተማረው ከእሳቸው ነው። አባቱ ከዳንግላ ገበያ ሬዲዮ ገዝተው የመጡ ጊዜ እማማ ስሜነሽ ሬዲዮው ያለበት ክፍል አልገባም አሉ። ውስጡ ሰው ያለ መሰላቸው። ይኸነው ያኔ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። አባቱ እርሻ በሄዱበት ሬዲዮውን ፈታው፤ ዕቃውን ሁሉ ሰፌድ ላይ ደረደረና እናቱን ጠርቶ "በይ፣ ሰውየውን አሳዪኝ" አላቸው። እያንዳንዷን ዕቃ በጣታቸው እየነኩ ሣቁ። መልሶ ሲገጥመው አንዲት ቡሎን ተረፈችው፤ በእሷ ሰበብ ከአባቱ ዱላ ቀመሰ። እናቱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሬዲዮ ፈርተው አያውቁም። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳጫወተኝ አልቈጥረውም። ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ነው፣ ፈትተህ ካሳየኸው ይሥቃል ይላል። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠው ይኸነው ያለው ፍልስፍና ይኸው ነበር።

ከወንበሩ ሥራ የተረፈውን ሰዓት በፍሬ ቢስ ነገር ያጠፋዋል። ሱቁ ጣሪያ ላይ በነፋስ የምትዞር ማራገቢያ ሠርቶ ነበር፤ ነፋስ ሲኖር አንድ ሞባይል ትሞላለች፣ ነፋስ ከሌለ ትቆማለች። ሰዎች "ላም አለኝ በሰማይ" እያሉ ሲያሾፉበት "ላሚቱስ አለች፣ ወተቷ ነው የዘገየ" ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሆኖ ቢቀር ምን ነበረበት።

ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ወሬው ነበር፤ ሩቅ ወረዳ፣ ሩቅ ገበያ፣ የማናውቃቸው ሰዎች አለቁ ተባለ። ቀጥሎ ድምፁ ራሱ በዘንገና ሰማይ መዞር ጀመረ። ከደመና በላይ ሆኖ ያጉረመርማል፤ አይታይም፤ ግማሽ ቀን ዞሮ ይሄዳል። ማን እንደሚያበረውና ማንን እንደሚፈልግ እዚህ አልከራከርም። ከታች ሆኖ ለሚሰማው ሰው ልዩነት የለውም፤ ልዩነት አለው የሚል ካለ መጥቶ ከታች ይስማው።

መንደሩ የራሱን ደንብ አወጣ። ድምፁ ከተሰማ ሰው ይበተናል። ሁለት ሰው አንድ ላይ አይሸሽም፤ ባልና ሚስት እንኳ አንዱ ወደ ቀርቀሃው፣ አንዱ ወደ ወንዙ ይሄዳል። ተሰብስቦ የተገኘ ሰው ከላይ ሲያዩት ሌላ ነገር ይመስላል ተብሎ ተወርቷል። ለቅሶ ይሁን፣ ሰንበቴ ይሁን፣ ደቦ ይሁን ሁሉም ያለበትን ጥሎ ለየብቻው ይጠፋል። ይህን ደንብ ባለሥልጣንም ቄስም አላወጣውም። ፍርሃት አወጣው፤ ደግ ደንብም ነበር።

ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት እማማ ስሜነሽ ነበሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ድምፁ ገና ከጥሊሊ በኩል ሲጀምር እሳቸው ቀርቀሃው ውስጥ ገብተው በሆዳቸው ተኝተዋል። ሌላው ሰው ድምፁ ሲያልፍ ይመለሳል፤ እሳቸው ግን እስኪመሽ አይነሡም። የወፍጮ ድምፅ ቢሰሙ ይሸሻሉ፤ ባጃጅ ቢያልፍ ይሸሻሉ፤ ንብ ሲወጣ እንኳ የሸሹበት ቀን አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ክረምት ገብቶ መሬቱ ጭቃ ሲሆንም ያው ጭቃው ላይ ይተኛሉ። ሐምሌ ላይ ሳንባቸውን ታመሙ። ዮርዳኖስ የምትባል ነርስ ይኸነውን ለብቻው ጠርታ እውነቱን ነገረችው። "እኝህ ሴትዮ ሌላ ብርድ አይችሉም። ሁለተኛ እርጥብ መሬት ላይ ከተኙ ለቅሶ ትቀመጣለህ" አለችው።

ወደ ከተማ አመጣቸው። ሳምንት ተቀመጡ። ሱቁ የመንገድ ዳር ነውና ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባሉ። በስምንተኛው ቀን ላሟ ናፈቀችኝ ብለው ሄዱ። ይኸነው መክሮ፣ ለምኖ፣ ተቆጥቶ ሁሉ አልሆነለትም። በግድግዳው በኩል ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ፤ እንዳልሰማሁ ሆንሁ።

በዚያው ሰሞን እንየው የሚባል የዳንግላ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ወደ እኔ ሱቅ አንድ ጆንያ ይዞ መጣ። ውስጡ የተሰባበረች ትንሽ ድሮን አለች። በደጉ ጊዜ ሙሽሮችን ከላይ የሚቀርጽባት ነበረች። ጊዜው ሲከፋ ጤፍ ጆንያ ሥር ደብቋት፣ ክንዶቿ ተሰባብረው፣ ባትሪዋ አብጦ ነበር። "ወይ አፍርሳት ወይ አቃጥላት፤ እኔ ቤት ግን አታድርም" አለኝ። ለመለዋወጫ ትሆናለች ብዬ ተቀበልሁት። ይኸነው መዶሻ ሊዋስ ሲገባ ጠረጴዛዬ ላይ አያት። ጎንበስ ብሎ አንዱን ማራገቢያ በጣቱ አዞረው።

"አራቱን ሞተርና ቦርዱን ስጠኝ" አለ።

"ለምንህ?"

"ለእናቴ።"

ሐሳቡ ገባኝ፤ ሬዲዮው ነው። ፈትቶ ሊያሳያቸው ነው። ተቆጣሁት። "ይቺን ይዘህ ብትገኝ አንዱ ወገን የሌላው ሰላይ ነህ ይልሃል፤ ሌላው ደግሞ የዚያኛው። የምትከራከርበት ሰዓት እንኳ አይሰጡህም" አልሁት። "ከጣሪያ በላይ አትወጣም" አለኝ። ሁለት ቀን እምቢ አልሁ። በሦስተኛው ቀን ከእናቱ ዘንድ ተመለሰና "ደም አስሏቸዋል" አለኝ። ሰጠሁት። ሰጠሁት ብቻ አይደለም፤ መበየጃዬን ይዤ አብሬው ተቀመጥሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ክንዶቿን ጠግኖ እንደነበረች ያስነሣት ነበር። ይኸነው ግን "እናቴ ትነካታለች፤ ካልነካቻት አታምንም" አለ። ባዶውን የሚዞር ምላጭ ደግሞ የሰው ጣት ይቆርጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማራገቢያ በክብ ነገር ውስጥ መዞር ነበረበት። ኔትወርክ በነበረ ቀን ከሞባይሉ እንዳየው፣ ማራገቢያ በአጭር ቱቦ ውስጥ ሲዞር ነፋሱ ወደ ጎን አይባክንም፣ ሁሉም ወደ ታች ይገፋል። ቱቦውን ከምን እንሥራው? ሌላው ዓለም ከምን እንደሚሠራው አላውቅም። እኛ ጋ ያለው ቀርቀሃ ነው።

ቀርቀሃውን ወረቀት እስኪመስል ድረስ ላገው። በእሳት አጎበጠው፤ እንደ ወንፊት ክፈፍ ጫፍና ጫፉን በክር ሰፋው። አራት ክብ ሠርቶ በመስቀል አቆላለፋቸው። ምላጩና ክቡ መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም፤ ሰፋ ካለ ጉልበቷ ይጠፋል፣ ጠበብ ካለ ይነካካል። ከብዙ ልፋት በኋላ ልክ ሆነ ብለን አስነሣናት። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ቀርቀሃው እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ኖሯል። ምላጩ ክቡን ገጨው፤ ስባሪው ቅንድቤን ሰንጥቆት ሄደ። ይኸነው ደሜን አልጠረገልኝም፤ ክቡን አንሥቶ ያሸተው ጀመር። "ሰም ነው የሚያስፈልገው" አለ። የማር ሰም አቅልጦ ውስጡንም ውጭውንም ቀባው። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢዘንብ አላበጠም።

ባትሪውን ከአሮጌ ላፕቶፕ አወጣሁለት። ከበደን። የክቦቹን ጎን ፋቀ፣ የማያስፈልገውን ክር ሁሉ ፈታ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ቡሎኖቹን በቀርቀሃ ችንካር ተካቸው። ለሙከራ የምናስነሣት ከማዶ ያለው እንጨት ቤት መጋዙን ሲያስጮህ ብቻ ነበር፤ ድምፁን በድምፅ እንደብቃለን። መስከረም ላይ፣ እግሯን በሲባጎ ከጠረጴዛ ጋር አስረናት፣ አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ተነሣች። ወደ ግራ አዘነበለች፣ ቦርዱ አቃናት፣ ቆመች። አራት ደቂቃ አየር ላይ ቆየች። ይኸነው አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔም ያለ ምክንያት ጭኔን መታሁ። ምን ልዋሽ፣ ደስ ብሎን ነበር። በዚያ ክፉ ዓመት ሁለት ትልልቅ ሰዎች በተቆለፈ ቤት ውስጥ እንደ ሕፃን ዘለልን።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ወሰድናት። የአባቱን አሮጌ ቀፎ አመጣና ውስጡ ከተታት፤ ሁለቱንም አፍ በሣር ዘጋ። መንገድ ላይ ኬላ አለ።

"ምንድነው የያዝኸው?" አለው ጠባቂው።

"ቀፎ።"

"ባዶ ነው?"

ይኸነው ሳያስብ "ኧረ ንብ አለበት" አለ። ጠባቂው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ "እለፉ፣ እለፉ!" አለን። እስከ መንደሩ ድረስ ስንሥቅ ሄድን።

እማማ ስሜነሽ መደብ ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ተኝተው ነበር። ከስተዋል። እናትና ልጅ የሚነጋገሩት በአዊኛ ነው፤ እኔ የዳንግላ ልጅ ስለሆንሁ ጥቂት ጥቂት ነው የምሰማው፤ ይኸነው እየቆየ ይተረጉምልኛል። ከቀፎው ሲያወጣት "ወንፊት ነው?" አሉት። "ያ የምትሸሺው ነው" አላቸው። ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። ጋቢያቸውን ይዞ መለሳቸው። ከዚያ ያንን የድሮውን አደረገ። ሰፌድ ጠየቀ፤ አንዱን ማራገቢያ ፈታታና ደረደረው፤ ምላጩን መዳፋቸው ላይ አኖረ። "እፍ በይበት" አላቸው። እፍ ሲሉ ዞረ።

አስነሣት። እማማ ስሜነሽ ጆሯቸውን ይዘው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። አጠፋት። እንደገና አስነሣት። በሦስተኛው ላይ ቀስ ብለው መጥተው መዳፋቸውን ከሥሯ አደረጉ። የጋቢያቸው ጫፍ ተርገበገበ።

"ነፋስ" አሉ በአማርኛ፣ ወደ እኔ ዞረው። "ነፋስ ብቻ ነው እንዴ?"

"ነፋስ ብቻ ነው" አላቸው ይኸነው።

"ሰው ይፈጃል የሚሉትስ?"

ይኸነው አየኝ። እኔም አየሁት። ሰማይ ላይ የሚዞረው ትልቁ ከሆዱ ሥር ምን እንደሚሸከም እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ለዚህ ነው የመጣነው፤ አሁን እውነቱን ቢነግራቸው ነገ ተመልሰው ጭቃው ላይ ይተኛሉ።

"በእጅሽ ነክተሽዋል" አላቸው። "ምን አደረገሽ?"

እማማ ስሜነሽ ሣቁ። ጥርሳቸው ያለቀ አፋቸውን ሸፍነው፣ እስኪያስላቸው ድረስ ሣቁ። እኔም አብሬ ሣቅሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። ጉዳዩ የእናትና የልጅ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ያገባኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ድምፁ ሲመጣ እማማ ስሜነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ አሉን። ጎረቤቶቻቸው መጀመሪያ አእምሯቸው የተነካ መሰላቸው። እሳቸው ግን "ልጄ ሠርቶት በእጄ ነክቼዋለሁ፤ ነፋስ ነው" እያሉ ያስረዳሉ። ከሁሉ የሚፈሩት ሴት ሲቀመጡ ያየ ሌላው ሰው አፈረ። ጎልማሶቹ አፈሩ። ቀስ በቀስ የሚሸሸው ሰው አነሰ። ሳላቸው ለቀቃቸው፤ ሰውነታቸው ተመለሰ። ነርሷ ዮርዳኖስ መንገድ ላይ አግኝታ "ምን አበላሃቸው?" ብላ ጠየቀችው። ይኸነው ያን ሰሞን ሲያፏጭ ይውላል፤ በቆርቆሮው በኩል ዝም በል ብዬ እጮህበታለሁ።

ሰው መሸሽ ማቆሙን የነገረን ከመንደሩ ወተት ይዘው የሚመጡት ወርቅአየሁ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ለምስጋና ብለው ነበር የነገሩን። እኔ ደነገጥሁ። ወርቅአየሁ ሲወጡ ይኸነውን ያዝሁት።

"ሄደህ የቀረውን ንገራቸው" አልሁት።

"እነግራታለሁ።"

"እሳቸውን ብቻ አይደለም፤ መንደሩን።"

"በርትታ ትነሣና እነግራታለሁ። ብርዱ ይለፍ።"

ደጋግሜ ነገርሁት። በአራተኛው ቀን እሺ አለ፤ ለእሑድ ቀጠረ። ዓርብ ዕለት መንገዱ ተዘጋ። ኔትወርኩም አብሮ ጠፋ። በእግር እንሂድ ተባባልን፤ ተኩስ አለ ተባለና ቀረን። ሁለት ሳምንት ሙሉ በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ተቀምጠን መንገዱ እስኪከፈት ጠበቅን።

ኅዳር ነው። ሽመክት የሚባል የመንደሩ ጎልማሳ ገብሱ ሊረግፍበት ደርሶ ደቦ ጠራ። ዐሥራ አራት ሰው ወጣ። ሚስቱ ፋና ጠላ ጠምቃለች፤ እማማ ስሜነሽ ስለበረቱ ማጀቱን ሊያግዟት መጡ። ረፋዱ ላይ ያ ድምፅ ጀመረ። አበረ የሚባለው ማጭዱን ጥሎ ተነሣ፤ ሌሎችም ተነሡ። እማማ ስሜነሽ የጠላውን እንስራ አዝለው እርሻው ድረስ መጥተው ነበር።

"ወዴት ነው ሩጫው? ገብሱ ይረግፍበታል!" አሉ። "እኔ አሮጊቷ ቆሜ እናንተ ትሮጣላችሁ? ነፋስ ነው። ከቆማችሁ አይቀር ኑ ቁጭ በሉ፣ ጠጡ።"

አበረ አፍሮ ተመለሰ። ወደ ወንዙ የጀመሩትም ተመለሱ። አንድ ላይ፣ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። እማማ ስሜነሽ አንዱን እንስራ አስቀምጠው ሁለተኛውን ሊያመጡ ወደ ቤት ሄዱ። ደጃፉን ሳይረግጡ ከኋላቸው መሬቱ ተናወጠ።

ሽመክት ሞተ። አበረ ሞተ። የአበረ እህትና ከጥሊሊ ለደቦ የመጣ አማቻቸው ሞቱ። ሌሎቹ ቆስለዋል። ይህን ሁሉ የነገሩን ወርቅአየሁ ናቸው፤ የተዘጋውን መንገድ በገደል ዞረው በእግራቸው መጥተው። "የፈሩት ይደርሳል" አሉና ደረጃዬ ላይ ተቀመጡ። ይኸነው ቢላውን እንደያዘ ነበር የሚያዳምጠው። ተኩስ ይኑር አይኑር ማንም ሳይጠይቅ ሦስታችንም ተነሥተን ሄድን።

ስንደርስ ተቀብረዋል። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ እማማ ስሜነሽ ከፋና ጎን ተቀምጠዋል። ሰው ይወቅሳቸዋል ብለን ፈርተን ነበር። ማንም አልወቀሳቸውም። ፋና፣ ባሏ የሞተባት ፋና፣ ነጠላቸውን እየሰበሰበችላቸው "እማማ፣ እህል ይቅመሱ እንጂ" ትላቸዋለች። ከዚያ የከፋ ነገር አይቼ አላውቅም።

ይኸነው ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመና "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፍረዱብኝ" አለ። ድሮኗን፣ ሰሙን፣ ሰፌዱን፣ ለእናቱ የነገራቸውንና ያልነገራቸውን ሁሉ ተናገረ። ወርቅአየሁ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

"ከላይ የጣልኸው አንተ ነህ?" አሉት።

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ቁጭ በል። በእኛ አገር ደም የሚፈረደው በገዳይ ላይ ነው። ገዳዩን ወዴት ሄደን እንጥራው? አንተን በእሱ ቦታ ብናቆም ለሟቾቹ ምን ይጠቅማል?"

ፍርድ ቢሰጡት ይሻለው ነበር። ካሳ ቢሉት፣ አገር ልቀቅ ቢሉት፣ ቢመቱት ይሻለው ነበር። ሰዎቹ ግን ቦታ ለቀቁለት፤ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠ።

በማግስቱ እማማ ስሜነሽን ወደ ቤታቸው ወሰድናቸው። ይኸነው እንጅባራ ሊወስዳቸው ልብሳቸውን ይሰበስብ ጀመር። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እማማ ስሜነሽ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በአማርኛ ተናገሩት።

"ተወው ልብሱን። ትዕዛዙም ይስማ" አሉ። "እጄን ከሥሯ ያደረግሁ ዕለት፣ ትልቁ እንደሚገድል ታውቅ ነበር?"

ይኸነው የያዘውን ቀሚስ አልጋው ላይ አኖረ።

"አውቅ ነበር" አለ።

እኔን አላዩኝም። ቢያዩኝ ኖሮ እኔም አውቅ ነበር እል ነበር፤ ወይም አልልም ነበር፤ አላውቅም።

"ታዲያ ስጠይቅህ ለምን አልነገርኸኝም?"

"በብርድ እንዳትሞችብኝ ብዬ" አለ። "እንድትኖሪልኝ ብዬ ነው፣ እናቴ።"

እማማ ስሜነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም። አላለቀሱም።

"ይኸው ኖርሁልህ" አሉት።